ያለ ስልክ የሮጥኩ ዕለት

ባለፈው ዓመት ማራቶን ጨርሼ ስገባ የተቀበለኝ ሰው የጽዳት ሠራተኛ ነበር። ጭብጨባ የለ፣ ሙዚቃ የለ። የመጨረሻው መስመር ላይ በአየር ተነፍቶ የቆመውን ትልቅ በር አስተንፍሰው፣ እንደ ፍራሽ ጠቅልለው ጭነት መኪና ላይ ሊጭኑት ሲታገሉ ደረስኩ። መጥረጊያ የያዘው ሰውዬ ጆንያውን ከፍቶ ወደ እኔ ሲመጣ፣ ሜዳሊያ ሊያጠልቅልኝ መስሎኝ አንገቴን ዝቅ አደረግኩለት። እሱ ግን "ወንድሜ፣ ጠርሙሷን እዚህ ውስጥ ጣላት" ብሎኝ አለፈ።

አምስት ሰዓት ከአርባ አንድ ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። ሌላ አገር ብወለድ ኖሮ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጦ በሕይወት የተመለሰ ተብዬ እከበር ነበር። እዚህ አገር ግን ስለ ሩጫ የማያውቅ ሰው የለም። ታክሲ ሲያመልጠው እንኳ ሮጦ የማያውቀው የቢሯችን ሰው ሁሉ ሰዓቴን እየሰማ ከንፈሩን ይመጥልኛል። አንዱማ "ምነው፣ መንገድ ጠፍቶህ ነው?" አለኝ፤ የምሩን ነው፣ አዝኖልኝ።

የቤቱ ደግሞ ባሰ። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ከማራቶኑ በኋላ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎ አራት ቀን ሙሉ ደረጃውን ወደ ኋላ እየተራመድኩ ነው የወረድኩት። ጎረቤት ሁሉ ባለቤቴን አስቴርን "ምነው የማሂ አባት፣ ምን ነካው?" እያለ ይጠይቃታል። ማሂ ልጃችን ናት፤ በሠፈሩ እኔን በራሴ ስም የሚጠራኝ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው።

አስቴር ሲኤምሲ አንድ ትምህርት ቤት መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ስለዚህ እንዴት ቅጣት እንደሚሰጥ ታውቃለች። "አንድ ዕድል እሰጥሃለሁ" አለችኝ፣ ጣቷን ቀስራ። "ዘንድሮ ከአምስት ሰዓት በታች ካልገባህ፣ ያ ጫማ ከዚህ ቤት ይወጣል። ሩጫ የሚባል ነገር ሁለተኛ አልሰማም።"

"አባቴ ይሙት፣ እገባለሁ!" አልኳት። አባቴ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ እንደ ልቤ ነው የምምልበት።

እናም ጋሽ ደምሴ እጅ ላይ ወደቅኩ። ጋሽ ደምሴ በወጣትነታቸው ለአንድ የጦር ክለብ የሮጡ፣ አሁን አያት አካባቢ እኔን የመሰሉ ሦስት ባለ ቦርጮችን በነፃ የሚያሠለጥኑ ሽማግሌ ናቸው። ስድስት ወር ሙሉ አሠቃዩኝ። ውድድሩ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ግን ትከሻዬን ይዘው "በቃ፤ ከዛሬ ጀምሮ እረፍት ነው" አሉኝ። "የሩጫ ግማሹ እረፍት ነው፣ ልጄ። ደረጃ እንኳ ስትወጣ ቀስ በል።"

እሺ አልኩ። ሞኝ ሰው ሁልጊዜ እሺ ባይ ነው። ቤት ገብቼ ስተኛ ግን ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ። ከአምስት ሰዓት በታች ለመግባት እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በሰባት ደቂቃ መሮጥ አለብኝ። ችያለሁ ወይስ አልቻልኩም? ሠላሳ ኪሎ ሜትር በዚያ ፍጥነት ሮጬ ካላየሁ በምን አውቃለሁ? ስለዚህ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቼ ጫማዬን አጠለቅኩ።

ስልኬን ሆን ብዬ ተውኩት። የሮጥኩትን ሁሉ ለጋሽ ደምሴ የሚያሳብቅ አፕ ተጭኖበታላ! ድምፁን አጥፍቼ ትራስ ሥር ሸጎጥኩትና የድሮ የእጅ ሰዓቴን አሰርኩ።

"ወዴት ነው?" አለች አስቴር በእንቅልፍ ልቧ። ማሂ ቦሌ ቡልቡላ አክስቷ ጋ ስላደረች ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

"ነፋስ ልቀበል።"

"አንድ ቀን ሬሳህን ነው የሚያመጡልኝ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በዓይኔ አላየሁም። ከብዙ የዓይን ምስክሮች ሰብስቤ ነው የምነግራችሁ፤ ሁሉም የሚማልበትን ይዞ ነው የነገረኝ።

ጋሽ ደምሴ ለካ ልባቸው አላመነኝም። "ይኼ ሰው ቶሎ እሺ አለ፤ ልምምድ ሳይሰርቅ አይቀርም" ብለው ሁለቱን የሩጫ ጓደኞቼን አስከትለው፣ እጅ ከፍንጅ ሊይዙኝ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ብሎካችን በር ላይ ደረሱ። የአባዶን የጠዋት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሦስቱም ከቱታቸው ላይ ነጭ ጋቢ ደርበዋል። እንዳልሰማቸው ብለው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘበኛችንን ቶላን ያናግሩታል።

"እንደምን አደርክ፣ ወንድሜ። የማሂ አባት ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፣ አይደል? አለ እሱ?"

"ወጥቷል" አለ ቶላ።

ጋሽ ደምሴ በረጅሙ ተነፈሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴት ብቻዋን ወዳለችበት ቤት በጨለማ መግባት ነውር ስለሆነባቸው "ባለቤቱስ? ብቻዋን ናት?" አሉ።

"ብቻዋን ናት።"

እንግዲህ ፍረዱ። ጎህ ሳይቀድ ሦስት ወንዶች ጋቢ ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ በሹክሹክታ የሰው ቤት ከጠየቁ ጉዳያቸው ምንድን ነው? በእኛ አገር መልሱ አንድ ነው። መርዶ! እሑድ ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናቸው ይባል ነበር። ቅዳሜ መሆኑ ነው ጉድ የሠራኝ።

"ቆዩ፣ ብቻችሁን እንዳትወጡ" አለ ቶላ። ጠመንጃ መሳይ ዱላውን ጥሎ የእድራችንን ሊቀመንበር እትዬ በለጡን ሊቀሰቅስ በረረ። እትዬ በለጡ ጥቁር ነጠላቸው በር ጀርባ ተሰቅላ የምታድር ሴት ናቸው። መርዶው ለእነማሂ ቤት መሆኑን ብቻ ሰሙ፤ ማን እንደሞተ አልጠየቁም። እሳቸው ሦስት በር አንኳኩ፣ ሦስቱ በሮች ሌላ በር አንኳኩ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሃያ የሚሆን ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ድምፁን አጥፍቶ ደረጃው ሥር ተሰበሰበ።

ጋሽ ደምሴ ይህን ሲያዩ "አይ፣ እዚህ ብሎክ የመጣ መርዶ አለ ማለት ነው፤ እኛም መሐል ገባን" አሉ በልባቸው። ባህል አዋቂ ሰው ናቸው። መርዶ ሊነገር ሲኬድ አይተው ጀርባ አይሰጡም። ጓደኞቼን በዓይናቸው ጠቅሰው ሰዉን ተከተሉ። ጎረቤቱ ደግሞ የሚያውቁት ሦስቱ እንግዶች ናቸው ብሎ እነሱን ወደ ፊት ያስቀድማል። እነሱ የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው ብለው ይሄዳሉ። አራት ፎቅ ሲወጡ አንድ ሰው "ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?" ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ይበርድ ነበር። ግን ማን ይጠይቃል? ነውር ነው! ለቅሶው ሲጀመር ከአልቃሿ አፍ ነው የሚሰማው።

በራችን ላይ ቆሙ። ጋሽ ደምሴ የእኔ በር መሆኑን ሲያዩ ደነገጡ። "ውይ፣ የእሱ ዘመድ ኖሯል የሞተው" ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እትዬ በለጡ አንኳኩ። አስቴር ፀጉሯን እንኳ ሳታስር ከፈተች።

ሃያ ሰው። ጥቁር ነጠላ። ከፊት ለፊት የባሏ አሠልጣኝ፣ እንባ ባቀረረ ዓይን። አንድ ሰው ቃል አልተነፈሰም፤ ሁሉም ሌላው እስኪናገር ይጠብቃል።

"ወይኔ!" አለች አስቴር። "ወይኔ ባሌን! ብዬው ነበር! ብዬው ነበር!"

ጎረቤቱ ማን እንደሞተ ያን ጊዜ አወቀ። ጋሽ ደምሴም ያን ጊዜ አወቁ። ደረታቸውን ደቅተው "እኔም ብዬው ነበር! እረፍ ብዬው ነበር! እምቢ አለኝ እኮ!" ሲሉ፣ ለተጠራጠረ ሰው ሁሉ ማረጋገጫ ሆነ።

የእኛ እድር ስብሰባ ላይ ሻይ ይፍላ አይፍላ ብሎ ሁለት ሰዓት የሚከራከር እድር ነው። ሰው ሲሞት ግን የእሳት አደጋ መኪና አይቀድመውም። ድንኳኑ ከመጋዘን ወጣ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ንፍሮው ተጣደ። ስልኬ ላይ ቢደወል ቢደወል የሚያነሣ ጠፋ፤ ድምፁን አጥፍቶ ትራስ ሥር ተኝቷላ! ሁለት ሰዎች ደግሞ ሬሳዬን ፍለጋ በባጃጅ ወደ አያት ተላኩ። እነዚህን ሁለቱን እኔ መንገድ ላይ አግኝቻቸዋለሁ! ጎረቤቶቼ ናቸው ብዬ እጄን አውለብልቤ ሰላም ሁሉ ብያቸዋለሁ። ዞር ብለው አላዩኝም። በኋላ ስወቅሳቸው "እኛ እኮ የወደቀ ሰው ነበር የምንፈልገው፤ የሚሮጥ ማን ያያል?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

እኔማ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። በአያት ወርጄ፣ ሲኤምሲን አቋርጬ፣ ጉርድ ሾላ ደርሼ ተመለስኩ። እግሬ የእኔ አይመስልም ነበር። ሠላሳ ኪሎ ሜትር በሦስት ሰዓት ከሃያ ስምንት ደቂቃ! ሁለት ሰዓት ላይ ብሎካችን ጋ ስደርስ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ሰዓቴን የምነግረው ሰው ፍለጋ ዓይኔን ሳንከራትት ነው ድንኳኑን ያየሁት።

የእግዚአብሔር ነገር፣ አዘንኩ። ግን ከሐዘኑ በፊት የመጣብኝ ፍርሃት ነበር፤ ድንኳን ሲተከል ያልተገኘ አባል ስሙ በስብሰባ ይነሣል። ሁለተኛው ድንኳን ገና እየተተከለ ስለነበር ሮጬ ሄጄ አንዱን ገመድ ያዝኩ። ምሰሶውን የያዘው ሰው በቅርቡ የገባ ተከራይ ነው፤ አንተዋወቅም።

"ማን ነው ያረፈው?" አልኩት።

"እኔም ብዙ አላውቀውም፤ ከገባሁ ሳምንቴ ነው። አንድ ሯጭ ነው አሉ።"

"ሯጭ? እዚህ ብሎክ?" ከእኔ ሌላ ሯጭ መኖሩን አላውቅም ነበር። መናገሩ ያሳፍራል እንጂ ትንሽ ቅናት ቢጤም ተሰማኝ። "ጎበዝ ሯጭ ነበር?"

"ኧረ ምኑን! ሚስኪን፣ አይችልበትም ነበር ነው የሚሉት። ባለፈው ዓመት ሲገባ መንገድ ጠራጊዎቹ ናቸው አሉ የተቀበሉት።"

ገመዱ ከእጄ አመለጠ። ምሰሶው ሰውየው ትከሻ ላይ ወደቀ።

እውነቱን ልናገር፤ ወዲያው አልገባሁም። ከድንኳኑ ሸራ ጀርባ ቆሜ ትንሽ አዳመጥኩ። እናንተ ብትሆኑ አታዳምጡም? እትዬ በለጡ "እንዲያው እንደሱ ያለ ሰው! ስብሰባ ላይ አንድ ቀን ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም" ይላሉ። ስብሰባ መጥቼ አላውቅማ! ባለፈው ወር እኮ በዚሁ ምክንያት ደረጃ ላይ ይዘውኝ ቁም ስቅሌን አሳይተውኛል። ሞት ለካ ይህን ያህል ያሳምራል ብዬ ልስቅ ስል የአስቴርን ድምፅ ሰማሁ። ከማልቀስ ብዛት ጎርንኖ ነበር።

"ጫማውን አወጣለሁ እያልኩ ነው ያስፈራራሁት" ትላለች። "ይሩጥ ነበር! በስድስት ሰዓትም ይግባ፣ በሰባትም ይግባ! ብቻ ይምጣ እንጂ!"

ሳቁም ሰዓቱም ጠፋብኝ። ሸራውን ገልጬ ገባሁና "አስቱ" አልኳት።

እትዬ በለጡ "በስመ ሥላሴ!" ብለው ከነወንበራቸው ወደ ኋላ ሄዱ። ቶላ ዱላውን አነሣ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባውም። አስቴር ቀስ ብላ መጣች። ጉንጬን ነካችው፣ ትከሻዬን ነካችው፣ ላቤን በጣቷ አየችው። ከዚያ አንድ ጥፊ አቀመሰችኝና ደረቴ ላይ ወድቃ እንደገና አለቀሰች። ይኼኛው ለቅሶ ግን ሌላ ነበር። የድንኳኑ ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ እኔም ስለ ራሴ አለቀስኩ። አንድ ሰው እልል አለ። ጋሽ ደምሴ ብቻ ጫማዬን አተኩረው ያያሉ።

"ስንት ኪሎ ሜትር ነው የሮጥከው?"

"ሠላሳ።"

"በስንት?"

"በሦስት ሰዓት ከሃያ ስምንት።"

"አጥፍተኸኛል!" አሉና ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሆኖም እየሳቁ ነበር።

የተቀቀለ አይጣልምና ንፍሮው ቀረበ። የራሴን ንፍሮ በላሁ፤ ትንሽ ጨው አንሶታል። እትዬ በለጡ "ሳይሞት የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል" እያሉ አጽናኑኝ። ድንኳኑም ተተክሎ፣ ሰዉም ተቀምጦ እንዲሁ አይበተንምና እዚያው ሽምግልና ሆነ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ አሠልጣኜን አታለልኩ፣ ሚስቴን ዋሸሁ፣ ስልኬን ጥዬ ሄድኩ። የሽማግሌዎቹ ፍርድ ይህ ነበር፦ ከእንግዲህ ስሮጥ፣ ልምምድም ይሁን ውድድር፣ በየአሥር ኪሎ ሜትሩ ቆሜ፣ ቤት ደውዬ "አለሁ" እላለሁ።

"የጫማው ነገርስ?" አልኩ ወደ አስቴር ዞሬ፣ ተስፋ አድርጌ። "በስድስትም ይግባ፣ በሰባትም ይግባ ስትዪ ሰምቻለሁ።"

"ለሬሳ ያልኩትን በሕይወት ላለ ሰው አትቁጠርብኝ" አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች። "ከአምስት ሰዓት በታች ብለሃል፤ ከአምስት ሰዓት በታች ነው።"

ውድድሩ ቦሌ ነበር። ጋሽ ደምሴ በዚያ ሳምንት ከአልጋ እንዳልነሣ ስላደረጉኝ እግሬ አገግሟል። አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቆሜ ደወልኩ።

"አለሁ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ውሃ ጠጣህ?" አለች አስቴር። "እትዬ በለጡ እዚህ ናቸው፣ ሰላም በላቸው።"

"እንዴት ነህ ልጄ? ደህና ነህ? እግርህስ? ቤተሰብ ደህና ነው?" ይላሉ እትዬ በለጡ።

"ቤተሰቡ እኮ እርስዎ ጋ ነው ያለው፣ እትዬ!"

"እሱስ ልክ ነህ። ደህና ናቸው፣ አታስብ።"

ሃያኛው ላይ ያነሣው ቶላ ነው። በማለክለኬ ድምፄን ተጠራጥሮ "ልጅህ ስንተኛ ክፍል ናት?" ብሎ ፈተነኝ። ሠላሳኛው ላይ መስመሩ ተይዟል። አስቴር ለካ ለእህቷ እየደወለች በሕይወት እንዳለሁ እያበሠረች ነው! ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ አንድ እግሬን እያነሣሁ ሌላውን እየጣልኩ ቆሜ ጠበቅኩ። በሽማግሌ ፊት የተቆረጠ ነገር ነውና ሳልደውል አልሄድም። አርባኛው ላይ ግን በመጀመሪያው ጥሪ አነሣች። ከበስተጀርባዋ ሙዚቃ ይሰማል።

"አለሁ" አልኳት።

"እኔም መጨረሻው ላይ ነኝ። ና" አለችና ዘጋች።

ስደርስ ያ በአየር የሚነፋው በር አልተጠቀለለም። ቆሟል! ሙዚቃው አለ፣ ሰዉ ያጨበጭባል፣ አንዲት ልጅ ሜዳሊያ አጠለቀችልኝ። ጋሽ ደምሴ ከነቱታቸው ይዘላሉ። እኔ ግን ትልቁን ሰዓት ቀና ብዬ አየሁት። አምስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ።

አስቴር ስልኳን በእጇ ጨብጣ ቆማለች። መንገድ ዳር አስቀመጠችኝና ጎንበስ ብላ የጫማዬን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች። አንዱን አወለቀች። ሌላውን አወለቀች። ሁለቱንም ፌስታል ውስጥ ከተተቻቸው። ልቤ ተሰበረ።

"አስቱ፣ እባክሽ ስሚኝ" አልኳት። "ስልኩ ብቻውን ሰባት ደቂቃ በልቶብኛል፤ ለክቼዋለሁ። ያለ ስልክ ብሮጥ ኖሮ አራት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ነበር የምገባው።"

ቀና ብላ አየችኝ።

"ያለ ስልክ የሮጥክ ዕለትማ" አለች፣ "ሞተህ ነበር።"

በነጠላ ጫማ ቤቴ ገባሁ፤ ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አትጠይቁኝ። በማግስቱ ጠዋት አስቴር ሥራ ሄዳ ስነቃ፣ ግድግዳ እየደገፍኩ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ ነው። ባዶ ነበር። በረንዳ ወጣሁ። ጫማዬ በብሩሽ ተፈግፍጎ ታጥቧል፤ ውስጡ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት፣ አፍንጫው ወደ ፀሐይ ዞሮ ተሰጥቷል። ትንሽ ቆሜ አየሁትና ተመልሼ ገብቼ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰካሁ።